ሹፌር መንገድ እንጂ አገር አያይም

የአዲስ አበባ ሰው ለሽርሽር ሲነሣ ቦታ አይመርጥም፤ ልማዱ ይመርጥለታል። ልደትም ይሁን የሠርግ ማግስት፣ ወይም እንዲያው ከጭስና ከሰልፍ አንድ ቀን ማረፍ ቢያሰኘው፣ የመኪናው አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ ይዞራል። ትንሽ አቅም ያለው ላንጋኖ ይዘልቃል፤ የተሻለ ያለው ሐዋሳ ያድራል። ወንጪም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ካላት ወዲህ፣ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ከለማች በኋላ፣ ሰው የማያውቃት ናት ለማለት ያስቸግራል። እሰየው ነው። አገር ታወቀ ብሎ የሚከፋው የለም።

ካርታ ዘርግቶ የሚያይ ሰው ግን በአንድ ነገር ይገረማል። የቢሾፍቱን ሐይቆች የቆፈረው የእሳት መስመር ቢሾፍቱ ላይ አይቆምም። ወደ ደቡብ ምዕራብ ያቀናና የጉራጌን ተራሮች ግርጌ ታክኮ፣ ቡታጅራን አልፎ ወደ ስልጤ ይወርዳል። የሥነ ምድር ሊቃውንት መስመሩን በሁለቱ ጫፎቹ ጠርተው «የስልጢና የደብረ ዘይት የስንጥቅ ቀጠና» ይሉታል። እሳቱ አንድ ሲሆን ዕድሉ ግን ለየቅል ነው። በሰሜኑ ጫፍ ሐይቁን የሚያሳያችሁ አስተናጋጅ ነው፤ በደቡቡ ጫፍ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ።

እኔም ይህን የማውቀው በካርታ ብቻ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ጥር ወር ግን ሐሙስ ማታ እራት ላይ የተነሣ ወሬ ቅዳሜ ዕለት ከዚያ ገደል አፋፍ ላይ አቆመን። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ ነው። «ድንገተኛ» እና «ዕቅድ» ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስኪ ታገሡኝ።

አባቴ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ ከዚያም የሚበዛውን በሆሳዕና መንገድ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኖ ይወርዳል፤ እህልና የማረቆ በርበሬ ጭኖ ይወጣል። የቡታጅራን መንገድ እኔ የቤታችንን ደረጃ የማውቀውን ያህል ያውቀዋል። አካባቢውን እስከ ዛሬ የሚጠራው በድሮ ስሙ «ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ» እያለ ነው። አውራጃው ቀርቷል፤ ስልጤም በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የራሱን ዞን መርጧል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ አገሩ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ሆኗል። ይህን ሁሉ ብነግረውም አልሰማኝም። «ስሙ ራሱ ሐይቅ አለበት፤ ምን በወጣኝ እለውጠዋለሁ?» ይላል።

በታኅሣሥ ወር ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ግላኮማ ነው ተባለ። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ይጀምርና ወደ መሃል እያጠበበ ይመጣል፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረው ግን ጠብታው ሰዓቱን ጠብቆ ከተደረገ ሊቆይ ይችላል። አባቴ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። መድኃኒት ቤት ወረፋ ስንጠብቅ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አወጣ፣ አገላብጦ አየው፣ መልሶም ከተተው።

ሐሙስ ማታ እራት በልተን ስናበቃ፣ ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ ተራራ ሲያወራ፣ ድንገት «ሹፌር መንገድ እንጂ አገር አያይም» አለ። ዝም አልን። «ከቡታጅራ ወዲያ የሰይጣን ጉድጓድ የሚሉት አለ። ረዳቶቼ ሁሉ አይተውታል። እኔ መኪናውን ዳር አስይዝላቸዋለሁ፣ እነሱ ሮጠው አይተው ይመጣሉ። ጭነት ጥሎ አይኬድ!»

«ስንት ጊዜ አለፍክበት?»

«ይቆጠራል እንዴ?»

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቅዳሜ እንሂድ አልኩት። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ቦታ አበጀ። ሹፌር ነውና ለዕቅድ ቦታ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ እንምጣ። ድንገተኛ ጉዞ ማለት ያለ ዕቅድ ብድግ ማለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ነው። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ የወር ጊዜ ያለው ዕቅድ ሁሉን ይሰበስባል፤ የሁለት ቀን ዕቅድ ግን ይጥላል። እኛም ያን ማታ የሠራነው ሥራ መጣል ነበር። ዝዋይ ይታይ፣ አዳዲ ማርያም ይታይ፣ እግረ መንገዳችንን ሆሳዕና ያለች የአክስቴ ልጅም ትጠየቅ ተባለና ሁሉም ተራ በተራ ወደቀ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቴ ያንን ጉድጓድ ያያል። ሌላው ቢገኝ ምርቃት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መቁጠር ነበር። ገደላማ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ውሃ ጠዋትና ማታ የራሱ ግድግዳ ጥላ ይሆንበታል። ለጤነኛ ዓይን ይህ ምንም አይደለም፤ የደከመ ዓይን ግን ጥላ ውስጥ ያለን ነገር ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ቀን በስድስት ሰዓት ገደማ፣ እዚያ መገኘት አለብን። ከአዲስ አበባ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቡታጅራ ጉድጓዱ ድረስ ደግሞ ወደ አሥር ኪሎ ሜትር። መንገዱን፣ ሻዩንና የጎማ ነፋሱን ጨምረን ስናሰላው መነሻችን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ።

ሦስተኛው የአባቴ ሕግ ነው፤ «ዋናውን ጭነት መጀመሪያ አራግፍ።» ብዙ ሰው ቅዳሜን በመንገድ ላይ ነገሮች ይጨርስና ዋናውን ለእሁድ ያቆየዋል። እሁድ ግን የጎማ፣ የዝናብና የ«ነገ ሥራ አለኝ» እስረኛ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ምንም ሳናይ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ፣ እሁድ ደግሞ ስንመለስ ዘና ብለን የመንገዱን ምርቃት።

አራተኛው ስልክ መደወል ነበር። አባቴ ከዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዛሬም በመስመሩ የሚሠሩ ሁለት የድሮ ባልደረቦቹን ጠየቀ። «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ስለ ጭቃና ስለ ድልድይ ነበር፤ ዛሬ ስለ ሰላምም ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጡት ነው ጉዳዩ የተቆረጠው። አንዱ «ይታለፋል» ሌላው «ተው» ቢለው ኖሮ እንቀር ነበር። ዓርብ ከሥራ በኋላ ለምን አንነሣም ብዬም ነበር። «ዓርብ ቡታጅራ ገብተሽ ጾም ልትውዪ ነው?» አለኝ። ክትፎው መሆኑ ነው።

እናቴ እስከዚህ ድረስ ጸጥ ብላ ቡና ትቆላ ነበር። «እሳተ ገሞራ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ግን ማንከሽከሻውን አስቀመጠችው። «በስመ አብ! እሳቱ ወደኛ ሲመጣ አልበቃ ብሏችሁ፣ ደግሞ እናንተ ወደሱ ልትሄዱ?»

እውነት አላት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከመንጋቱ በፊት፣ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተነሣው በመለኪያው 5.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ አልጋችንን ሲወዘውዘው፣ ነጠላዋን ሳታጣፋ ደረጃውን የወረደችው እሷ ናት። በዚያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቅቆ ተሰዷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ኃይሊ ጉቢ ፈንድቶ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም አልፎ ህንድ ሰማይ ድረስ ሄዷል። ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን ያየች ሴት ብትፈራ ምን ይደንቃል?

አደጋ የለም አላልኳትም፤ እንዲህ ያለ ዋስትና የሚፈርም የለም። ስምጥ ሸለቆው ዛሬም እየሰፋ ነው፤ ፍጥነቱ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ማለት ጥፍራችን በአንድ ወር ተኩል ውስጥ የሚያድገውን ያህል ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ውስጥ የቅርብ ዘመን እሳት የወጣባቸው መስመሮች በጥቅሉ ሁለት ናቸው። አንደኛው የወንጂ ስንጥቅ መስመር ይባላል፤ እነ ፈንታሌ ያሉት በዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው እኛ የምንሄድበት፣ በምዕራቡ ጠርዝ ያለው ነው። የምናየው እሳት ሳይሆን እሳቱ ጥሎት የሄደውን ጠባሳ ነው። እዚያ ስንደርስ ሊያስፈራን የሚገባው የገደሉ ጠርዝ ነውና፣ የአባዬን ክንድ ይዘሽ የምትቆሚ አንቺ ነሽ አልኳት። የሚጠብቃት ሥራ እንዳለ ስታውቅ ትንሽ ለሰለሰች።

«ለመሆኑ ጉድጓዱን ምን ቆፈረው?»

«በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ምን ይሆናል?»

«ጭስ ብሎ ይዘላል።»

ነገሩ ይኸው ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ቀልጦ የጋለ ዓለት ከመሬት በታች ከተጠራቀመ ውሃ ጋር ይገናኛል። ውሃው ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ በዓለት ታፍኖ ይህን ቦታ ሲያጣ ጣራውን ገንጥሎ ይወጣል። ተራራ አይሠራም፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የወጣውን ስብርባሪም በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይከምረዋል። ኋላ ውሃ ይሞላዋል። የቢሾፍቱ ሐይቅም፣ ሆራም፣ ባቦጋያም የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። ሊቃውንቱ እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ከጀርመን አገር በተወሰደ ቃል «ማር» ይሉታል።

አባቴ ሳቀ። ከታኅሣሥ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ማታ ነው። «ሰይጣን በማር ጉድጓድ ይኖራል በይኛ!»

ቅዳሜ ንጋት ላይ የአጎቴን ልጅ ቪትዝ ይዘን ወጣን። እናቴ ዳቦ ቆሎና በፔርሙዝ ሻይ ይዛለች፤ እኔ የዓይን ጠብታውን በእጅ ቦርሳዬ፣ ሌላ ሁለተኛ ጠርሙስ ደግሞ በሻንጣ ይዣለሁ። ዓለም ገናን ስናልፍ አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ቀኝ እግሩ ፍሬን እየፈለገ ወለሉን ይረግጥ ነበር።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ነገር አስተዋልኩ። አባቴ ግራና ቀኙን በደንብ አያይም፤ ሆኖም ሁሉንም ነገር ከመድረሳችን በፊት ይናገራል። «አሁን ወደ አዋሽ ድልድይ ቁልቁለት ነው።» «ጥያን ስታልፊ በስተቀኝ ተራራው ይጀምራል፤ እስከ ቡታጅራ አይለይሽም።» «ቡኢ ላይ ሻይ አለ፤ ግን አንቆምም።» ኬላ ስንደርስ የድሮ ሰዎች ለዚህ አገር መንገድ ከኪሳቸው እንዳዋጡ ነገረን። እውነት ነው፤ የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው በራሳቸው መዋጮ መንገድ ማስቆረጣቸው በጽሑፍ የተመዘገበ ታሪክ ነው።

ከዚያ በኋላ ከሜዳው ላይ ብቅ ብቅ ያሉ ክብ ክብ ጉብታዎች ታዩኝ። አንዳንዱ ጎኑ ተቆርሶ ውስጡ እንደ በርበሬ ቀልቷል። «እነዚህ ምልክቶቼ ናቸው» አለ አባቴ። «እዚያችኛዋ ጋ ሦስተኛ ማርሽ፣ ይችኛዋ ጋ አራተኛ።» እኔ ደግሞ ከእሳት የተወለዱ መሆናቸውን ነገርኩት። ቀዩ ድንጋይ ከምድር ውስጥ አረፋ ሆኖ የተተፋ፣ በአየር ላይ የቀዘቀዘ ነው። ግንበኞች «ሬድ አሽ» ይሉታል፤ ለብሎኬትም ለመንገድ ድልዳልም ይውላል።

«ይህንንማ ስንት ጊዜ ጭኜዋለሁ!» አለ። ዝም ብሎ ቆየና «እሳተ ገሞራ ነው የጫንከው ያለኝ ሰው ግን አልነበረም» አለ።

ሐረ ሸይጣን ከመንገድ ለሚያያት ምንም አትመስልም። ዝቅ ያለች፣ ሣር የለበሰች ጉብታ ናት፤ መኪና የሚነዳ ሰው ሁለት ጊዜ አያያትም። የማር ጠባይ እንዲህ ነው። ተራራ ከሩቅ ይጠራል፤ ጉድጓድ ግን ከአፋፉ ሳትደርሱ አይታይም። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ በእግር ወጣን፤ እናቴ የአባቴን ክንድ ይዛ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ከፊታችን እየሮጡ። ከዚያ መሬቱ ድንገት አለቀ።

ከታች፣ በጣም ከታች፣ ክብ ውሃ ተኝቷል። ቀለሙ ሰማያዊ ለማለት ያዳግታል፤ አረንጓዴ ነው፣ የጠለቀ አረንጓዴ። ዙሪያው ቁጥቋጦ የያዘ ገደል ነው። ድምፅ የለም።

«የታለ ውሃው?» አለ አባቴ።

ልቤ ቆመ። ያን ሁሉ ሰዓት ያሰላነው ለዚህ ነበር። እናቴ ሳትናገር አገጩን በእጇ ይዛ ወደ ታች ዝቅ አደረገችለት። ዓይኑ የሚያየው መሃሉን ብቻ ነውና መሃሉን ወደ ውሃው ማዞር ያስፈልግ ነበር። «አሃ» አለ። ከዚያም ራሱን ቀስ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረ፤ የጉድጓዱን አፋፍ ጥቂት በጥቂት፣ ልክ የጭነት መኪና ሊያዞር ቦታ እንደሚለካ ሹፌር። እኛ ባንዴ ያየነውን ክብ እሱ እየገጣጠመ ነበር የሚያየው። ዙሩን ሲጨርስ እንደገና ጀመረ። ሦስት ጊዜ ዞረው። ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች።

ስለዚህች ጉድጓድ የሚነገር አንድ ወሬ አለ። ድንጋይ ብትወረውር ውሃው ጋ አይደርስም፣ ሰይጣኑ መንገድ ላይ ይቀልበዋል ይላሉ። ልጆቹ ድንጋይ አቀብለው «ሞክሩ» አሉን። የወረወረችው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ እናቴ ናት። ድንጋዩ ወጣ፣ ትንሽ ሆነ፣ ጠፋ። ጆሯችንን ብናቆምም የውሃ ድምፅ አልተሰማም። ልጆቹ በደስታ ፈነደቁ። ምክንያቱ እንደሚመስለኝ ይህ ነው፤ ገደሉ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ወደ መሃል እየተንሸራተተ ነው የሚወርደው። ቤት፣ ሰው ወይም ዛፍ የሌለበት ውሃ ደግሞ ርቀቱን ለዓይን አይነግርም፤ ቅርብ ያስመስለዋል። ድንጋዩ ገና ውሃው ሳይጀምር ቁልቁለቱ ላይ ይወድቃል። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ስጀምር «ተይው፣ ይቀልበው» አለችኝ። ተውኩት።

ቡታጅራ አደርን። በቆጮና በአይብ የቀረበ ክትፎ በላን፤ ዓርብ አለመነሣታችን እዚህ ላይ ተመሰገነ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የስልኬ ደወል ጮኸ፤ አባቴ ራሱን ቀና አድርጎ ጠብታውን ተቀበለ። ያደርንበት አልጋ መልካም ነበር ከማለት በቀር የሚጻፍ ነገር የለውም። ለነገሩ አንድ ሌሊት የሚታደርበት ክፍል ንጹሕ አንሶላና የሚዘጋ በር ካለው በቂው ነው፤ ስለ ሆቴሉ ብዙ የሚያስብ ሰው ቢሾፍቱ ቢሄድ ይሻለዋል።

እሁድ የምርቃት ቀን ነበር። የዘቢዳርን ተራራ ጠዋት በስተግራችን አድርገን ወደ ሰሜን ተነሣን። ጥያ ላይ ቆምን። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩት 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ በብዛት የሚታየውም የሰይፍ ቅርጽ ነው። አባቴ ከድንጋዮቹ ቅርብ ቆሞ አንድ በአንድ ሰይፎቹን ቆጠረ። ትልልቅና ፊት ለፊት የቆመ ነገር ለእሱ ዓይን ይመቻል፤ ከጉድጓዱ ይልቅ እዚህ ቀለለው። መኪናው ውስጥ ስንገባ ቶሎ ለመድረስ ነዳጅ ረገጥኩ። «ቀስ በይ፣ ጭነት የለብንም» አለኝ።

የመጨረሻው ማረፊያችን መልካ ቁንጡሬ ነበር። አዋሽ ወንዝ ምድሩን ቆርጦ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ልጅ አሻራ ገልጦበታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ባልጪት የሚለው የቦታ ስም ለእኛ ትርጉም አያስፈልገውም፤ ባልጩት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሲፓራ ታሪክ የምናውቀው ስለታም ድንጋይ። ይህ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ዓለት በፍጥነት ቀዝቅዞ መስታወት የሆነ ነው። በመልካ ቁንጡሬ ሲምቢሮ በተባለው ስፍራ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዚህ ድንጋይ የእጅ መጥረቢያ ይጠረብ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ቆዳ ፋቂዎች ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንኳ በዚያው ዓይነት ድንጋይ ይሠሩ ነበር።

እናቴ ስለ እሳት የነበራት አስተያየት የተለወጠው እዚህ ነው። መሣሪያዎቹን አይታ «ታዲያ እሳቱ ቢላዋም ሰጥቶናል» አለች። ፍርሃቷ ለቀቃት አልልም። አሁንም ማታ ማታ የመውጫ ጫማዋን ከአልጋዋ ሥር ታኖራለች። እኔም ደግ አደረገች እላለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ለጉዞ የሚሆን ስንቅ ልውሰድ ካላችሁ ጥቂት ነው። አንድ ነገር ምረጡ፤ ሌላውን ጣሉ። ያ ነገር በደንብ የሚታይበትን ሰዓት እወቁና ወደ ኋላ ቁጠሩ። በመጀመሪያው ቀን እዩት። መንገዱን በቅርቡ ያለፈበትን ሰው፣ ከተቻለ ሁለት ሰው፣ ጠይቁ። ክረምት ሲሆን ተዉት፤ ጭቃው ገደል አፋፍ ላይ አይመችም። መንገድ ለሚመሯችሁ ልጆች የድካማቸውን ስጡ፤ ከጥያም ሆነ ከመልካ ቁንጡሬ ጠጠር እንኳ አታንሡ።

ያልታወቀ አገር የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አገር አይደለም። የሚያልፍበት እንጂ የሚቆምበት ያጣ ነው። በየቤቱ ደግሞ አልፎት አልፎት አንድም ቀን ያልቆመበት ቦታ ያለው ሰው አይጠፋም፤ ሹፌር ብቻ አይደለም፣ ነጋዴም፣ ወታደርም፣ አስተማሪም ሊሆን ይችላል። ያንን ሰው እራት ላይ ቦታው የት እንደሆነ ጠይቁት፤ ቀኑንም ቁጠሩ። ሐሙስ ከሆነ ይደረሳል።